ሰማያዊዋ መብራትና የጋሼ ተስፋዬ ጆሮ

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቤት እንግዳ ሳያየው እንዲወጣ የማይፈቀድለት አንድ ዕቃ አለው። አንዱ ቤት ውስጥ ቡፌ ነው፤ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት። ሌላው ቤት ውስጥ የልጅ የምረቃ ፎቶ ነው። ባለቤቱ "እዩልኝ" አይልም፤ ያን ያህል አልወረደም። የምትቀመጡበትን ወንበር ብቻ ወደዚያ ያዞረዋል። እናንተም ታያላችሁ፣ ትደነቃላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚበላው ይቀርባል። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

የእኔ ቤት ጌጥ ግን የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነው። ከዱባይ ያስመጣኋት ሙዚቃ ማጫወቻ ናት፤ መጠኗ ከሁለት ሳሙና አይበልጥም። ሲዲ አትጎርስ፣ ፍላሽ አትለምን፤ ሙዚቃውን በዋይፋይ ከኢንተርኔት ራሷ ስባ ለትልልቆቹ ስፒከሮች ታቀብላለች። ካርቶኗ ላይ "ሃይ ሬዞሉሽን" የሚል የወርቅ ቀለም ምልክት አለ። ትርጉሙን ልንገራችሁ፤ ለእንግዳ ሁሉ ስናገረው አፌ ለምዶታል። በስልካችን የምንሰማው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ እንዲቀል ተብሎ የተጨመቀ ነው፤ ሲጨመቅ ደግሞ ረቂቅ ረቂቁ ይቀራል። ይቺ ግን ስቱዲዮ ውስጥ እንደተቀዳ፣ ከነትንፋሹ ታመጣዋለች። በደንብ አስረዳሁ አይደል? ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው። መመሪያ ማንበብ ግን የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤቴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የቤት ኅብረት አለን። መካኒሳ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ስምንት ሰዎች ይመጣሉ፤ እንጸልያለን፣ ቃል እናጠናለን፣ ከዚያ ሻይና ሳንቡሳ። ማጫወቻዋ በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ጸሎቱ ረዘመብኝ።

ሻዩ እንደተቀዳ አንድ የክራርና የዋሽንት ቅንብር ከፈትኩ። ማጫወቻዋ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ሰማያዊ ሆና በራች።

"ሰማያዊ ስትሆን የመጨረሻው ጥራት ማለት ነው" አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። ሰማያዊ ጥሩ ቀለም ነው።

"ዋሽንተኛው አየር ሲስብ ተሰማችሁ?"

"ውይ! አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው" አለች እህት ወይንሸት ደረቷን ይዛ።

"እኔማ ጣቱ ሲንቀሳቀስ ሁሉ ተሰማኝ" አለ ባለቤቷ ወንድም ዳንኤል።

ተራ በተራ ሁሉም ሰማ። ጋሼ ተስፋዬ ሲቀሩ።

ጋሼ ተስፋዬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የድምፅ ቴክኒሻን ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን ሚክሰር፣ ያ የማይኩንና የመሣሪያውን ድምፅ ማመጣጠኛ፣ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። እሁድ ከሁሉም ቀድመው ይገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ማይክ በማይክ ያዳምጣሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ነገር ቢኖር ያ ወንበር ነው።

"ጥሩ ነው ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ግን ላይኛው፣ ቀጭኑ ድምፅ የለም። ጫፍ ጫፉ ተቆርጧል። እንደ ስልክ ነው።"

እንደ ስልክ! እኔም ሳቅ እያልኩ፣ እንደ አስተማሪ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ አስተማሪ ሆኜ፣

"ጋሼ፣ እሱማ ጆሮዎ ይሆናላ! ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሄድበት ላይኛው ነው፤ ሳይንሱ ነው እኮ የሚለው" አልኳቸው።

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። "ይሆናል፣ ይሆናል" ብለው ሳንቡሳቸውን አነሡ። አልበሉትም፤ መልሰው አስቀመጡት። ይህን አይቻለሁ። አይቼ ድምፁን ጨመርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ጠዋት፣ መዘምራኑ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ማይኩ ጆሮ በሚበጣ ፉጨት ጮኸ። ዞር ብል ሚክሰሩ ጋ የተቀመጡት ጋሼ አይደሉም።

"አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ ወይንሸት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። "አስረክበው ወጡ እኮ። 'ጆሮዬ ከድቶኛል፤ በደነቆረ ጆሮ የእግዚአብሔርን ቤት አገልግሎት አላበላሽም' አሉ አሉ። ቤታቸው ቁጭ ብለዋል።"

የዚያን ቀን ስብከት ስለ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ያሰብኩትን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። "ምናልባት የእውነት ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል" ነው ያልኩት። እንዲሆንም ፈለግሁ፤ ያኔ እኔ እውነት ተናጋሪ እንጂ በዳይ አልሆንም። ይህን ላረጋግጥ ብዬ ነው መመሪያውን፣ ገና ላስቲኩ ያልተቀደደውን፣ ከካርቶኑ ያወጣሁት።

አራተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ማጫወቻዋ ሙዚቃውን በዋይፋይ ራሷ ስትስብ መብራቷ ነጭ ነው። ሰማያዊ ከሆነች ግን በብሉቱዝ ከስልክ እየተቀበለች ነው፤ ሃይ ሬዞሉሽን አይደለም። እግዚኦ! ቀጥዬ ስልኬ ላይ ያለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ከፈትኩ። የድምፅ ጥራት የሚለው ቦታ ላይ ምን ተመርጦ ባገኝ ጥሩ ነው? "ዳታ ሴቨር"። ቤቴ ዋይፋይ ሳይገባ፣ በፓኬጅ ስኖር፣ ሜጋባይት እንዳያልቅብኝ ድምፁን ይጨምቀው ብዬ ራሴ ያደረግሁት ነው። ይህን ያላደረገ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ። ዋይፋዩ ከገባ ዓመታት አለፉ፤ ቁጠባው ግን እዚያው ቀረ።

እናም ያቺን የወርቅ ምልክት ያላትን ማጫወቻ የመጨረሻውን ርካሽ ድምፅ ሳጠጣት ኖሬያለሁ። ጋሼ "እንደ ስልክ ነው" ያሉት ስልክ ስለነበረ ነው።

ሁለቱንም አስተካክዬ፣ መብራቷ ነጭ ስትሆን አይቼ፣ በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ጎፋ ወዳለው የጋሼ ቤት ታክሲ ያዝኩ። ይቅርታውን መንገድ ላይ ሳሰናዳ ሄድኩ፤ በሩን ሲከፍቱልኝ ግን ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልኬ ነበር" አልኩ፤ የመብራቷን ነገር፣ የዳታ ሴቨሩን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው።

አዳምጠው ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ ሶስና። ሰው ሲያረጅ ማባበል ያለ ነው። ስምንት ሰው የሰማውን እኔ ብቻ ካልሰማሁ፣ ምኑ ይጠፋኛል?"

አላመኑኝም! ስዋሽ ያመኑኝ ሰውዬ እውነቱን ስናገር አላመኑኝም።

"እንግዲያው ቅዳሜ ይምጡና ራስዎ ይፍረዱ" አልኩ። እሺ ለማለት ብዙ አስለመኑኝ።

ቅዳሜ ያው ሰዎች ተሰበሰቡ። ከጸሎቱ በኋላ ቆሜ ጥፋቴን በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ከዚያ ስልኬን ለፈተናው ወደ ዳታ ሴቨሩ መለስኩ፤ መብራቷ እንዳትታይ ማጫወቻዋን በወጥ ቤት ፎጣ ሸፈንኳትና፣ "ጋሼ፣ እያቀያየርኩ አሰማዎታለሁ፤ የትኛው የስልክ፣ የትኛው የራሷ እንደሆነ ይንገሩን" አልኩ።

"ቆይ" አሉ። "መጀመሪያ ሁለቱም እኩል ይጩኹ። ጮክ ያለ ሁሉ ጥሩ ይመስላል።" ራሳቸው ድምፁን አስተካከሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የስልክ" አሉ። ልክ። "የራሷ።" ልክ። አንዱን ደግሜ ላሳስታቸው ሞከርኩ። "ምን ታታልዪኛለሽ፣ አልቀየርሽውም!" አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አምስቱንም አገኙ። ከተማሪዎቼ መካከል በአንዱም እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

"እናንተስ? ለያችሁት?" ብዬ ወደ ሌሎቹ ዞርኩ።

ሁሉም ሻዩን ተመለከተ። በመጨረሻ ወይንሸት ተነፈሰች። "እውነቱን ልንገርሽ? ዛሬም ያን ቀንም ምንም አልሰማሁም። ደስ ብሎሽ 'ሰማችሁ?' ስትዪ ምን እንበል? ይሉኝታ ይዞን ነው።"

"ጣቱስ፣ ወንድም ዳንኤል?"

"ጣቱ... በሐሳቤ ሳላየው አልቀረሁም" አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ቅዳሜ አንድ እውነተኛ ጆሮ ነበር፣ እሱንም ስምንት ሆነን በይሉኝታ ድምፅ ሰጥተን አሰናበትነው።

"አንቺስ፣ ለይተሽዋል?" አሉኝ ጋሼ።

"አልለየሁም ጋሼ" አልኩ። ከባድ ነበር፤ ግን ወጣልኝ።

"ድገሚው እስቲ አንዴ" አሉ። ስድስተኛውን አገኙ። ሰባተኛም ጠየቁ። ሳንቡሳውን በዚህ መሃል ሁለት በልተዋል።

በማግስቱ ገና በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ሚክሰሩ ጋ፣ ወንበራቸው ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ሰላም ልላቸው ጠጋ ብዬ ገና "ጋሼ..." ስል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መዳፋቸውን አነሡብኝ። ዝም በይ ነው። እያዳመጡ ነበር።

እኔ ሙሉ ትምህርት ቤት ዝም የማሰኝ ሴት ነኝ። በታላቅ ኩራት ዝም አልኩ።