የክቡር እንግዳው የሰማይ ዘመድ

ሰው ሁሉ ዘመዱ የሆነ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለእኛ ለላሊበላዎች የደረሱን ክቡር አቶ እንግዳው ናቸው፤ አስጎብኚ፣ አስታራቂ፣ የፍላቂትም የኩልመስክም ሕዝብ የአጎት ልጅ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ መንገደኛ ሳይወርድ የእናቱ ወገን ተቆጥሮ ዘመድ ሆኖ ያርፈዋል። አንዴ «እሱማ የእኛው ነው» ካሉ ማምለጫ የለም። በአንድ ጃፓናዊ ላይ ቢሞክሩት፣ ሰውዬው ሲሰናበት አቅፏቸው አለቀሰ።

ባለፈው ጥቅምት ክቡርነታቸው የሰማይ ተመራማሪዎችን ይዘው መጡ። ከጁፒተር ማዶ የሚዞር፣ አስትሮይድ የሚሉት የሰማይ ድንጋይ በአንድ ኮከብ ፊት ሊያልፍ ነበር። ኮከቡ ለጥቂት ሰከንድ ሲጋረድ የድንጋዩ ስፋት ይታወቃል፤ ካመለጠ ግን አመለጠ። ወገኖቹ ሴንቶር ይባላሉ፤ ስማቸው በተረት ግማሹ ሰው ግማሹ ፈረስ ከሆነ ፍጡር የመጣ ነው። ቤት የላቸውም፤ በትልልቆቹ ፕላኔቶች መሃል ሲንከራተቱ ይኖራሉ። ክቡርነታቸው ይህን ሰምተው ጥቂት አሰቡና፣ «ድንጋይ ከሆነማ የእኛው ነው» አሉ።

ችግሩ ኮከቡን የሚያደበዝዘው የከተማው መብራት ነበር። «ለእኔ ተዉት» ብለው ቀኑን ሙሉ ከሆቴል ሆቴል፣ ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። ባንችይርጋን ምግብ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ዓይነ አፋር ዘመድ ሊያልፍ ስለሆነ መብራት እንድታጠፋ ለመኗት። ሲመሽ ከተማው ተራ በተራ ድርግም አለ። በገዛ እጃችን ስንጨልም የመጀመሪያችን መሆኑ ነው።

እኔ የተመራማሪዎቹ ቴሌስኮፕ ከተተከለበት ኮረብታ ሥር የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። እኔን ግን አልጠየቁኝም። አብሮ አደጋቸው ተረስቼ ባንችይርጋ መለመኗ አናደደኝ፤ የበረንዳዬን መብራት ቦግ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እያለከለኩ ወረዱ። «አንተ ምናለ፣ ምን ነካህ? ሰዓቱ ደረሰኮ!»

«መቼ ነገርከኝ?» አልኳቸው።

ከልባቸው ደነገጡ። «የዞርኩት ባዳውን ነው። አንተንም ልለምንህ? ለወንድምህ ሠርግ ተጠርተህ ነው የምትሄድ?»

ያ ሁሉ ዘመድ ለካ ባዳ ኖሯል። አፍሬ መብራቱን አጠፋሁ፤ ዳገቱንም እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እየተደናቀፍን ወጣን። ኮከቡ ጠፍቶ ተመለሰ። ፈረንጆቹ በደስታ ተቃቀፉ፤ ክቡርነታቸውም እንደ ሙሽራ አባት «እንኳን ደስ አለዎት» ተባሉ።

ከተመራማሪዎቹ አንዷ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«ወንድሙ ነኝ» አልኳት።

በጨለማው ውስጥ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችንና፣ በጣም እንደምንመሳሰል ነገረችኝ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ።