ዋንዛ በር ወረዳ በፌርፋክስ ጎዳና እንደ ገና ስለ መቆሟ

ዋንዛ በር ወረዳ በተሠረዘች በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ መስፍነ ፓርኪንግ፣ ዐቃቤ ቁልፍ ጋሼ ሕዝቅያስ በሳንታ ሞኒካ ሆቴል የእንግዳ መኪና ማቆም በጀመሩ በዘጠነኛው፣ በወርኃ ሰኔ በሁለተኛው እሑድ፣ ፀሐይ በእኩለ ሰማይ ሳለች፣ የወረዳዪቱ ተወላጆች ለዓመታዊ ስብሰባቸው በፌርፋክስ ጎዳና ወዳለው የሲሞን ምግብ ቤት ገሠገሡ። የሠራዊቱም ቍጥር ዐሥራ አንድ ነበረ፤ ከፓሳዴና የመጡ ነርሶች፣ ከባልድዊን ሂልስ የወረዱ ጡረተኞች፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ የዞሩ አርበኞችም ነበሩበት።

ወረዳዪቱም አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ማኅተምና የማይጮኽ አንድ ስልክ የነበራት ታላቅ ግዛት ነበረች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትም ከቆመች በኋላ ከዞን አንዲት ደብዳቤ መጥታ ደጋውን ለላይኛው ጎረቤት፣ ቆላውን ለታችኛው ሰጠች። ያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ሹም የነበሩት ጋሼ ሕዝቅያስ መዛግብቱን ለሁለት ከፈሉ፤ በድንበሩ ላይ ያለውን የእትዬ ምንትዋብን መንደርም በአንዲት የብዕር ጭረት ወደ ቆላ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ፣ ውቅያኖስ ከተሻገሩ በኋላ እንኳ፣ ደገኞች በመስኮቱ፣ ቆለኞች በመጸዳጃው በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ የዞኑ ደብዳቤ ሎስ አንጀለስ ድረስ የጸና ይመስል።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ፍስሐ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ሶ፣ ማኅበሩንም ስፕሊት እናድርገው። ጋሼ፣ እርስዎ ኤክስፒሪየንስ ስላለዎት ሊስቱን ይከፋፍሉልን።»

ጋሼ ሕዝቅያስም ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ፤ ፍስሐ የዘረጋላቸውን የስም ዝርዝር ወረቀት አጥፈው ያዙ፣ እጅጌያቸውንም ሰብስበው የቆለኞችን ጠረጴዛ ጨበጡ።

የቤቱ ጌታ ሲሞንም ከካውንተሩ ኋላ አወጀ፦ «ቴብል ሙቭ ማድረግ ክልክል ነው! ኢንስፔክተር ቢመጣ የምዘጋው እኔ ነኝ፣ ኦኬ?»

እትዬ ምንትዋብም ከወንበራቸው ሳይነሡ አወጁ፦ «መንደሬን በብዕር የወረወሩ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጠረጴዛ ገፍተው ሊመልሱኝ ነው?»

ያን ጊዜ ኃያሉ ጋሼ ሕዝቅያስ ላባቸውን ጠርገው፣ ሠራዊቱ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አወጁ፦ «እትዬ፣ ታዝዤ ጻፍኩ። ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህንም ብለው፣ የባለጸጋ መኪና በጠባብ ቦታ እንደሚያስገቡ፣ ጠረጴዛውን ሪቨርስ አደረጉ፣ አንገቱን አዞሩ፣ በሁለት ወንበርና በአንድ አበባ መካከል አሳልፈው ከደገኞቹ ጠረጴዛ ጋር ገጠሙት። በመካከሉም ክር የሚያሳልፍ ክፍተት አልተገኘም። እትዬ ምንትዋብ ግን መጥተው በእጃቸው ነቀነቁትና «ይወዛወዛል» ሲሉ ፈረዱ። ጋሼም በርከክ ብለው የፍስሐን ወረቀት ከጠረጴዛው እግር ሥር ሸጎጡት። እትዬም «አሁን ጸና» ብለው ወንበራቸውን ስበው ከጋሼ ጎን ተቀመጡ።

እነሆ ዋንዛ በር ዳግመኛ ቆመች፤ የመንገዱ የሁለት ሰዓት ፓርኪንግ እስኪያልቅም ድረስ በክብር ጸንታ ኖረች። አህጉር ያቀኑ ነገሥታት ይምጡና ከእኒህ ሰው ጋር ይተያዩ! እነርሱ በእልፍ ፈረሰኛ የሰውን አገር ያዙ፤ ጋሼ ሕዝቅያስ ግን በእጃቸው የከፈሏትን ወረዳ በእጃቸው ገጠሙ፣ በዚያም ሁሉ ዘመቻ አንዲት ብርጭቆ ስንኳ አልሰበሩም።