የማይሳሳቱት አቶ ክራውች

በሚዙሪ ወንዝ ላይ እንደ መርከብ መሪ ስሕተት የማያውቅ ፍጡር የለም። እሱ እላይ በመስታወት ቤቱ ተንሰራፍቶ መሪውን ይጨብጣል፤ እኛ የእንፋሎት ሞተሩን የምንይዘው ታች እንጠበሳለን። መርከቡ በሰላም ሲደርስ ያደረሰው እሱ ነው፤ ደለል ላይ ሲወጣ ግን ጥፋቱ የሁላችን ነው። ይሄ ፍርድ ነው?

የእኛው መርከብ የ«ኦሬሊያ ዲን» መሪ ክቡር አቶ ታዴየስ ክራውች ይባላሉ። ሚያዝያ ላይ ቡንቪል ከተማ አጠገብ አሸዋ ላይ ሰቅለውን ሲያበቁ፣ «ወንዙ ነው ቦታውን የለቀቀው!» ብለው ጮኹ። የጭስ ማውጫችንን ከዛፍ ጋር አላትመው ሲያጎብጡትም «ይሄ ዛፍ አምና እዚህ አልነበረም» አሉ። ዛፉ እኮ ከአያቴ ይበልጣል!

እኔ ታች ሆኜ ወንዙን አላይም። የማውቀው ደወላቸውን ነው፤ አንዴ ሲደውሉ አቆማለሁ፣ ሁለቴ ሲደውሉ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ደወሉን ሰምቼ እጄን ሳልዘረጋ ከመስታወት ቤቱ ወደ እኔ በሚወርደው የድምፅ ቱቦ ይጮኹብኛል።

«ሂራም! ተኝተሃል እንዴ?»

«ኧረ እየሠራሁ ነው!»

«ምኑን? እንቅልፍህን?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ሰውዬው ዕድሜዬን ጨረሱት!

ባለፈው ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ደለል ላይ ወጣንና የመርከቡ ሆድ ተሰነጠቀ። ደወሉ የመጣልኝ ከተላተምን በኋላ ነበር። የመርከቡ ባለቤት ካፒቴን ፔልሃም ወዲያው አስጠራኝ።

«ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል ይባላል» አለኝ። «ደወሉ ዘግይቶ ከሆነ ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ይወርዳሉ። ሁለተኛ መሪ አይጨብጡም።»

አቶ ክራውች በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እንዲህ ሆነው አይቻቸው ስለማላውቅ አንጀቴን በሉት። ደግሞስ፣ እኔ ታች ሆኜ የሌላ ሰው ደወል ልሰማ? ሞቼ ነው ቆሜ!

«እሳቸው በሰዓቱ ነው የደወሉት፣ ካፒቴን። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ካፒቴኑ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ልክ ልኬን ነገረኝ። ሰድቦ ሰድቦ ሲደክመው ለቀቀኝ።

የመርከቡ ሆድ ተጠግኖ በተነሣን ማለዳ ቱቦው ተንኮሻኮሸ።

«ሂራም!»

«አቤት፣ አቶ ክራውች!» አልኩ፤ መቼም ምስጋና ሊያወርዱልኝ ነው ብዬ ጆሮዬን ደቀንኩ።

«ድሮም ብዬሃለሁ፤ ትዘገያለህ!»

የዋሸሁላቸውን አመኑት እኮ! ደሜ ፈላ። ስንት ስድብ ምላሴ ላይ መጣ። አፌን ቱቦው ላይ ገጠምኩና፣

«ይቅርታ አቶ ክራውች፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኳቸው።