በስህተት የደረሰኝን ብርድ ልብስ ለባለቤቱ ስጦታ አድርጌ ወሰድኩት

ሰው የራሱ ዕቃ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጠው ፊቱ ምን እንደሚመስል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ዛሬ አየሁ። ከአንድ ክንድ ርቀት። የጠቀለልኩትም እኔው ነኝ።

ቁጭ በሉ ልንገራችሁ። ስትሰድቡኝ ግን በልክ ይሁን፤ እናቴ አካውንቴን ታያለች።

ነገሩ የጀመረው ከሹራብ ነው። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ መሮጥ ጀምሬያለሁ። ለጤናዬ ነው። (እሺ፣ አንድ የሚሮጥ ልጅም አለ።) እንጦጦ ደግሞ በዚህ ክረምት ለማንም አያዝንም፤ ገና ባሕር ዛፉ ጋ ሳትደርሱ ጆሯችሁን በእጃችሁ እየነካችሁ መኖሩን ታረጋግጣላችሁ። ሹራብ የግድ ነው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘሁ። ሹራብ ብቻ ነው የሚሸጥበት። የሻጯ ፎቶ የለም፣ ስሟ የለም፤ አንድ ስልክ ቁጥርና «ወሰን አካባቢ ዴሊቨሪ በነፃ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። የምኖረው ወሰን ነው። በነፃ የሚል ቃል ሳይ ደግሞ እጄን ማንም አይዘውም። አዘዝኩ።

ሞተረኛው ደወለ። «የት ጋ ነሽ?»

«ጋራዡን አልፈህ፣ ቢጫ በር።»

«የቱን ጋራዥ?»

ወሰን ላይ ይሄ ጥያቄ መልስ የለውም። ጋራዥ ያልሆነውን ቤት መንገር ይቀላል። ብቻ እንደ ምንም መጣ፤ ፌስታሉን በበሩ አቀብሎኝ ሄደ።

ከፈትኩት። ሹራቤ አለ። ጥቁር አረንጓዴ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ልክ እንደ ፎቶው። ይሄ ራሱ በኦንላይን ግዢ ታሪክ ተአምር ነው።

ከሥሩ ሌላ ነገር አለ።

በኪሮሽ የተሠራ፣ መሐሉ ነጭ፣ ዙሪያውን ቢጫ የሆነ ለስላሳ ነገር። ለአልጋ ያንሳል፣ ለአንገት ይበዛል። እግሬ ላይ ጣል ሳደርገው ግን ለኔ የተሠራ ነው የሚመስለው።

አላዘዝኩትም። አልከፈልኩበትም።

አሁን «ታዲያ ደውለሽ አትነግሪያትም?» ልትሉ ነው። እኔም ለራሴ ብያለሁ። ስልኬን አንስቼ መጻፍም ጀምሬ ነበር እኮ። «ሰላም፣ ዕቃው ደርሶኛል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጣቴ ቆመ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ልብ ላኩላት።

ቀይ ልብ።

የኔ ሥነ ምግባር እዚህ ድረስ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሠራው ጭንቅላቴ ነው። ጭንቅላቴ ጎበዝ ጠበቃ ነው፤ ለማንም ይቆማል። «ምርቃት ነው» አለኝ። ሽንኩርት ስትገዙ የጉልቷ ሴትዮ ሁለት ራስ ጣል አታደርግላችሁም? ቲማቲም ላይስ? ታዲያ ሹራብ የሚሸጥ ሰው ምን ኃጢአት ሠርቶ ነው የማይመርቀው?

«ምርቃት ባይሆንስ?» አልኩት።

«ባይሆን ትጠይቃለች» አለኝ።

ጠየቀች።

ብዙም ሳይቆይ ቻናሉ ላይ ተለጠፈ። «ውድ ደንበኞቼ፣ ከዕቃችሁ ጋር በስህተት ነጭና ቢጫ ትንሽ ብርድ ልብስ የደረሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አናግሩኝ። የሚሸጥ አይደለም።»

እግሬ ላይ ጣል አድርጌው ነው ያነበብኩት።

ከድንጋጤዬ የተነሳ ጣቴ ላይክ ነካ። ቶሎ አነሳሁት። ከዚያ ቻናሉን ሚውት አደረግኩት። ስልኩ ዝም ሲል ኅሊናዬም አብሮ ዝም የሚል መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጥቂት ቀን ይሠራል።

ከዚያ እማዬ አየችው። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ገዛሁት።»

አንድ ቃል ናት። ሳላስባት ወጣች። እማዬም አገላብጣ አየችና «ያምራል። ግን ይሄ የሕፃን ነው» ብላኝ ወጣች። የሕፃን መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ እንኳን መመለስ እችል ነበር። አዎ፣ አውቃለሁ። አትጩኹብኝ።

ዛሬ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ልበሺ፣ አራስ ጥየቃ እንሄዳለን» አለችኝ። እድራችን ውስጥ እማማ ጫልቱ የሚባሉ ሴትዮ አሉ፤ ይሄ ሁሉ ፎቅ ሳይኖር፣ ቦታው ጤፍ ሲዘራበት ከነበሩት ሰዎች ናቸው። የልጃቸው ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳለች። እማዬ ስጦታ መግዛት ረስታለች። ዞር ዞር ብላ አልጋዬ ላይ ያለውን አየችው።

«ያንን ጠቅልዪው። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ታቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

እንዲህ ነው የምታናግረኝ።

ደስ አለኝ ብላችሁስ? ውስጤን ሲያሳክከኝ የከረመው ዕቃ ለሕፃን ሊሄድ ነው። ከዚህ በላይ ምን መፍትሔ አለ? በስጦታ ወረቀት ጠቀለልኩት፣ ሪባን አሰርኩበት። (አዎ፣ አጥቤው ነበር። ሌባ ብሆንም ንጹሕ ሌባ ነኝ።) ብርድ ስለነበር ደግሞ አዲሱን ሹራቤን ለበስኩ።

ሹራቡን ልብ በሉልኝ።

ደረስን። ቤቱ ሙሉ ሴት ነው፤ ገንፎ ቀርቧል። አራሷ ሃዊ ትባላለች፤ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ጥግ ላይ ካለው አልጋ ተደግፋ ሕፃኑን ታቅፋለች። አማቷ እማማ ጫልቱ ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ናቸው። በመሐላቸው ያለው ቦታ አንዲት በርጩማ ብታስቀምጡበት ይሞላል። ግን አይነጋገሩም።

«ውሃ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት» ይላሉ እማማ ጫልቱ ለእማዬ።

እማዬ ትጠይቃለች። ሃዊ «አልፈልግም በሉልኝ» ትላለች። እማዬም «አልፈልግም ትላለች» ብላ ታደርሳለች። አንድ ክፍል ውስጥ እናቴ ፖስተኛ ሆነች።

ኩርፊያ ነው ብዬ ወደ ገንፎዬ ዞርኩ። የአማትና የምራት ነገር እኔን ምን አገባኝ?

እማዬ ጊዜው ሲደርስ ጥቅሉን አንስታ ጉሮሮዋን ጠረገች። እናቴ ስጦታ ስትሰጥ ንግግር አላት። «እንግዲህ ትንሽ ነገር ናት። ልጄ ናት የገዛቻት፣ ጉርድ ሾላ ሠርታ በምታገኛት በራሷ ደመወዝ።»

ሴቶቹ መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ሃዊ ፈገግ ብላ ሪባኑን ፈታች። ወረቀቱን ገለጠች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን ግን አይደለም ያየችው።

ሹራቤን ነው።

ያኔ ገባኝ። ፎቶም ስምም የሌላት ሻጭ እቺ ናት። ቀይ ልብ የላኩላት።

እማማ ጫልቱ ተነሡ። ብርድ ልብሱን ከሃዊ ጭን ላይ አንስተው አንዱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። «ክሩ እዚህ ጋ አልቆብኝ ነው በሌላ ቢጫ የቀጠልኩት» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል። ከዚያ ወደኔ ዞረው በጣም ቀስ ብለው፣ «ከየት ገዛሽው የኔ ልጅ?»

አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀደመችኝ። «ከኦንላይን ነዋ፣ እትዬ ጫልቱ። የዘንድሮ ልጆች መቼ ሱቅ ይረግጣሉ? የለበሰችውን ሹራብም ከዚያው ነው የገዛችው።»

እማዬ፣ እወድሻለሁ። ግን አንዳንዴ ዝም።

እማማ ጫልቱ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አልሸጥኩም አላልሽም?»

«አልሸጥኩም፣ እማ። በስህተት ከዕቃ ጋር ሄዶ ነው ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

«በስህተት» አሉ። አሁን የሚናገሩት ለቤቱ ሁሉ ነው። «ይኸውላችሁ፣ እርጉዝ ናት ከተባለ ጀምሮ ዓይኔ እያለቀሰ የሠራሁት ነው። ጠፋ አለችኝ፤ እሺ። በስህተት ለሰው ተላከ አለችኝ፤ እሺ። በስህተት የተላከ ከሆነ ግን ሰው ይመልሰዋል። ሰው ነው እኮ። የሕፃን ብርድ ልብስ ይዞ ዝም የሚል ሰው የት አለ? ሳይመለስ ሲቀር ሸጣዋለች አልኩ። ንቃዋለች አልኩ። ይኸው።»

ገባችሁ አይደል? ሴትዮዋ በምራታቸው የፈረዱት ስለ ሰው ጥሩ ስለሚያስቡ ነው።

«የት አለ?» የተባለው ሰው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ገንፎ እየበላ ነው።

ሃዊ አላለቀሰችም። ሕፃኑን ጠጋ አድርጋ ግድግዳውን አየች። «ደንበኛዬ ናት» እንዳትል ደንበኛ ማለት የገዛ ሰው ነው፤ የባሰ በራሷ ላይ ታስፈርዳለች። እኔ ዝም ካልኩ ግን ምንም አልሆንም። ተመርቄ፣ ገንፎዬን ጨርሼ እወጣለሁ። እሷ ከነሕፃኗ፣ ከማያናግሯት አማቷ ጋር እዚያው ትቀራለች።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«አልገዛሁትም» አልኩ።

ማንኪያ ሁሉ ዝም አለ።

«ምን ማለትሽ ነው?» እማዬ ናት።

«የገዛሁት ሹራቡን ነው። ይሄ ከሹራቡ ጋር በስህተት መጣ። እሷም ቻናሏ ላይ ጠይቃ ነበር። አይቻለሁ። አይቼ ሚውት አደረግኳት።»

«ሚውት ምንድን ነው?» አሉ እማማ ጫልቱ።

ከሴቶቹ አንዷ አስረዳቻቸው። «ልጅቷ ስትጣራ ጆሮዋን ደፈነች ማለት ነው።»

ከዚህ የተሻለ ትርጉም ሰምቼ አላውቅም።

«ለምን?» አሉኝ እማማ ጫልቱ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ምርቃት መስሎኝ ልል ነበር። አፌ እንቢ አለ። «አምሮኝ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ዙሪያው። ቢጫው፣ እንደ አበባ የሆነው።»

ቁጭ አሉ። ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን አዩት። «እሱ እኮ ነው መከራዬን ያሳየኝ» አሉ። «ስንቴ ፈትቼ ስንቴ እንደሠራሁት።» ሊቆጡኝ ባዘጋጁት ፊት ላይ አንድ ሌላ ነገር ሾልኮ ወጣ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ፎቶ ለጥፌ ላይክ ሲበዛልኝ የኔ ፊት ነው።

ሃዊ ከአልጋው ላይ የተናገረችው ያኔ ነው። «ከዕቃው ጋር የተቀላቀለውም እኮ ሹራብ የምጠቀልልበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው ስለነበር ነው። ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው ብለውኝ ነበር። እኔ እያየሁት መሥራት ፈልጌ…»

አልጨረሰችውም።

እማማ ጫልቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ተነሥተው ብርድ ልብሱን ሕፃኑ ላይ ጣል አደረጉት። ጠርዙን አስተካከሉ። ከዚያ ለሃዊ፣ በእማዬ በኩል ሳይሆን ለራሷ ለሃዊ፣ «ወደዚህ አዙሪው፤ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ነው» አሉ።

አዞረችው። እጇን ይዘው አገዟት።

ማንኪያዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያመለጥኩ መስሎኝ ልተነፍስ ስል፣

«አንቺ» አሉኝ። «ቅዳሜ ነይ። ክር ስጠቀልል የሚይዝልኝ ሰው የለም። እጅሽም ረጅም ነው፣ ይሆናል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃዊ ሁሉ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያለች። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት።

እማዬ እድሯ ውስጥ ቀና ብላ የምትሄድ ሴት ናት፤ ዛሬ ስንመለስ ከኔ ሁለት እርምጃ ቀድማ፣ የማታውቀኝ እየመሰለች ነው የሄደችው። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ቆመች።

«ሹራቡስ?»

«ሹራቡ ምን?»

«ከፍለሽበታል?»

«እማዬ፣ ከፍያለሁ።»

«አሳዪኝ።»

ጋራዡ ፊት ለፊት ዝናብ እያካፋብኝ፣ መካኒኮቹ እያዩኝ፣ ለገዛ እናቴ የክፍያዬን ስክሪንሾት አሳየሁ። መነጽሯን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ «እሺ» ብላ ሄደች።

ቤት ገብቼ ሚውቱን አነሳሁ። ሃዊ ጽፋልኛለች። «ሹራቡ አምሮብሻል። ያንን ቀይ ልብ ግን አጥፊው።»

አጠፋሁት።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስንወጣ እማማ ጫልቱ በር ድረስ ሸኙን። የእማዬን እጅ ይዘው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አላልኩም?» አሏት። «ሰው ይመልሳል ብዬ ነበር። ይቺ ዘገየች እንጂ ይኸው መለሰች።»

አልመለስኩም እኮ። የማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በእናቴ ትእዛዝ፣ ሪባን አስሬ ነው ያመጣሁት። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከውስጥ የሃዊና የሕፃኑ ድምፅ ይሰማል፤ እሳቸው ደግሞ ሲናገሩ ፊታቸው በርቷል፣ ያቺ የሚያምኗት ነገር ሳትሰበር በመቅረቷ ደስ ብሏቸዋል። አፌን ዘጋሁት።

ስለዚህ እናንተ ፍረዱ። ቅዳሜ ክሩን ይዤ ፊታቸው ስቀመጥ እውነቱን ልንገራቸው? ወይስ ዝም ብዬ እሳቸው እንደሚያስቡት ዓይነት ሰው መሆን ልጀምር?