ጋኔን የለም የምትሉ እጅ አውጡ

ፍልስፍና ከተማረ ሰው ጋር በቀትር ወንዝ ለመሻገር አትነሡ። መንገዱን ሙሉ ሲከራከራችሁ ይውልና ውሃው ዳር ስትደርሱ «አንተ ቅደም» ይላችኋል። ደርሶብኝ ነው የምነግራችሁ። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ ሳስተምር ከገበያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም ያሳያል። መቼም ታውቁታላችሁ፦ ጨለማ፣ ዝናብ፣ ሲጥ የሚል በር፣ ከበሩ ኋላ ፀጉሯን ፊቷ ላይ የበተነች ሴት። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። «ቲቸር፣ ሰውየው መብራት አለው አይደል እንዴ? ለምን አያበራም?» ይሉኛል። መብራት እያለው የማያበራ ሰው እኛ ከተማ እንዴት ብሎ ያስፈራል? ያናድዳል እንጂ።

የኛ አገር ጋኔን ጨለማ አይፈልግም። ሌሊቱን ለጅብ ትቶ በቀን ነው የሚሠራው። ልክ በስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ እሱ ሥራ ይገባል። ቢሮው ሾላ ሥር ነው፣ ውሃ ዳር። ስለ ፍርሃት የተፈላሰፉ ሊቃውንት ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው ይላሉ አሉ። ይህን ያሉት ሰዎች የኛን አገር ቡሬን አያውቋትም። እኛ የምንፈራውን ጠንቅቀን ነው የምናውቀው፤ ሰፈሩን፣ ዛፉን፣ የሚወጣበትን ሰዓት። ያላወቅነው የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ የሚገባበትን ሰዓት ነው።

ለማንኛውም፣ የአክስቴን ጉዳይ ልንገራችሁ። ቀበሌዋን አልጠራትም፣ ዘመዶቼ አሁንም እዚያው ናቸው። ከቡሬ ጠዋት በእግር የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርስባታል።

መሬት በገመድ እየተለካ እንደገና የተከፋፈለ ጊዜ አክስቴ ስመኝ ባሏ ከሞተ ገና ቅርብ ነበር። አንዲት ልጇን አዴት ድራለች። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚሟገትላት ወንድ የላትም፤ ወንድሟ አባቴም በሕይወት አልነበረ፣ እኔም ከተማ ነኝ። ሁለት ጥማድ ይድረሳት ተባለና ጭንጫ የሆነ ቦታ ተለካላት። ከጭንጫው ቀጥሎ፣ ጅረቱ ዳር፣ ሾላው ያለበት አንድ ጥማድ ግን ሳይከፈል ቀረ። ማን ይውሰደው? ያ የጋኔኑ ነው። ሰው አርሶት አያውቅም።

ያን ጊዜ ተነሥቶ የተናገረው ድንበርተኛዋ አያ ጫኔ ነበር። አያ ጫኔ ስለዚያ ጋኔን የሚያህለው ተናጋሪ አልነበረም። አባቱ በቀትር ሾላው ሥር ጎንበስ ብለው ውሃ ሲጠጡ በጥፊ ተመተው አፋቸው እንደጠመመ እስኪሞቱ መኖራቸውን፣ በማርያም እየማለ፣ ላቡ እየወረደ ይተርክ ነበር። ሲተርክ ሕፃን ያለቅሳል። እና ያን ቀን «እሷው ትያዘው፤ ሰው ያለው ይመስል ትጠብቀው። እኛ እንደሆን ልጆች አሉን» አለ። ሰዉም በአንድ ቃል ተስማማ። እንዲህ ሆኖ አክስቴ ሦስት ጥማድ ተሰጣት፤ ሁለቱ የሷ፣ አንዱ የጋኔኑ።

አለቀሰች። «ከሰው ጋር አላጎራብት ብለውኝ ነው ከሱ ጋር ያጎራበቱኝ» አለች። ሁለቱን ጥማድ ጭንጫ ይዛ ከረመች። የሚገኘው እህል እስከ ክረምት መግቢያ አያደርስም። ከጋኔኑ ይልቅ ረሃቡ ቅርብ ነበርና አንድ ዓመት ሦስተኛውን አሳረሰችው። አንድ የሩቅ ዘመድ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ያርስላትና ፀሐይ ሳትከር ሞፈሩን ተሸክሞ ይሮጣል። መኮትኮቱ፣ ማረሙ፣ መልቀሙ የሷ ነው።

እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ። ጠዋት እርሻው ጫፍ ስትደርስ ትቆማለች፤ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ወደ ሾላው ዝቅ ብላ እጅ ትነሣና «እንደምን አደሩ» ትላለች። ፀሐይዋ አናት ልትደርስ ስትል ደግሞ ዶማዋን አንሥታ «በሉ ደኅና ይዋሉ፣ ቦታውን ለቅቄያለሁ» ብላ ትወጣለች። አንድ ቀን አብሬያት ነበርሁና ሳቄ አመለጠኝ። እንዴት እንደተቆጣች!

«ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ያለ ትልቅ ነው። አንተ እያልሁ ልጥራው?»

በስንት ዘመኑ የታረሰ መሬት መቼም ጉድ ነው የሚያፈላው። በርበሬ ተከለችበት። በዚያ ዓመት በርበሬው ከሩቅ ሲታይ ቀይ ጨርቅ የተነጠፈ ይመስል ነበር። ፍልስፍና የሚጀምረው ከጥርጣሬ ነው ይባላል። በኛ ቀበሌ ጥርጣሬ የጀመረው በርበሬው ሲቀላ ነው።

መጀመሪያ የተጠራጠረው ማን ይመስላችኋል? አያ ጫኔ ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ «ለመሆኑ ይህን ጋኔን በዐይኑ ያየው ማን ነው?» አለ። በሚቀጥለው እሁድ «አባቴንም ብርድ ይሆናል የመታቸው» አለ። አባቱን ለብርድ አሳልፎ ሰጠ እኮ! በሦስተኛው «ጋኔን ከሌለ የጋኔን ድርሻ የሚባል መሬት ከየት መጣ? እሷ የሚገባት ሁለት ጥማድ ነው፤ ትርፉ ለድንበርተኛው ለኔ ይሰጥ» አለ። ይችን አካሄድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢያሳያት ኖሮ ጥቁር ካባ ያለብሱት ነበር። እኛ ዘንድ ግን በቀጥታ ወደ ማመልከቻ ነው የሄደችው።

ዘመኑ ሁሉ ነገር በስብሰባ የሚገመገምበት ዘመን ነው። ወረዳው ጉዳዩን መርምሮ ባለሙያ ላከ። ስሙን ሙሉቀን እንበለው። አዲስ አበባ በፍልስፍና ተመርቆ፣ ለፈላስፋ የሚሆን ክፍት የሥራ መደብ ስላልተገኘ፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ ባለሙያ ሆኖ የተመደበ ቀጭን ልጅ ነው። እኔም የአክስቴን መጠራት ሰምቼ ለስብሰባው ስሄድ ቡሬ ተገናኘንና በዋዜማው አብረን መንገድ ጀመርን። መንገዱን ሙሉ አስተማረኝ። ፍርሃት ከአእምሮ ውጭ ቦታ እንደሌለው፣ የሌለ ነገር ደግሞ ማንንም ሊነካ እንደማይችል አስረዳኝ። እውነቱን ለመናገር አሳመነኝም። ሾላው ሥር ያለው ጅረት ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። ሙሉቀን ቆመ። የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ።

«አንተ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ» አለኝ።

ተሻግሬ ዘወር ስል ያንኑ ክር እያጠበቀ ነው። እኔ ማዶ ደኅና መቆሜን አረጋግጦ ሮጦ ተሻገረ። ይህ የምርምር ዘዴ ሳይንሳዊ መሆኑን አልክድም፣ የተሞከረው በኔ ላይ መሆኑ ብቻ ነው የቆረቆረኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስብሰባው ተጀመረ። አክስቴ ጥግ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያችን ጥማድ ካጣች ጭንጫው እንደማያኖራት፣ ዞሮ ዞሮ አዴት ወርዳ በአማቿ እጅ እንደምታድር ታውቃለች። አማቿ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱን ግን በየማዕዱ ያነሣዋል።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍት ከልማድ የተነሣ «እንግዲህ በቅድሚያ ጠንካራና ደካማ ጎኑን እንይ» አለ። የማንን? የጋኔኑን ነዋ! አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ጠንካራ ጎኑ ሰዓት ያከብራል» አሉ። «ደካማ ጎኑስ?» ተባሉ። «ስብሰባ ላይ አይገኝም» አሉ።

ከዚያ ሙሉቀን ተነሣ። ቁስ ይቀድማል አለ። ሐሳብ የቁስ ነጸብራቅ ነው አለ። ጋኔን ኋላ ቀር አመለካከት የወለደው መሆኑንና ለልማት ዕንቅፋት እንደሆነ አብራራ። ጥሩ ተናገረ፣ አልዋሽም። ግን ረዘመ። ሰዉ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ። ፀሐይዋ እየከረረች ነው። የሰዉ ግማሽ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሾላው በኩል ነው የሚያልፈው። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ሁሉም መቁነጥነጥ ያዘ፤ አንዱ «ግልጽ ነው፣ ወደ ድምፅ እንሂድ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላውም ተከተለ። አያችሁት? ጋኔኑ ሳይወጣ ቤታቸው ለመድረስ ሲሉ ጋኔን የለም ብለው ለመወሰን ቸኮሉ።

አክስቴ ያን ጊዜ ተነሣች።

«እኔ ማይም ነኝ፣ ቁስ የሚሉትን አላውቅም። ይህን መሬት ስትሰጡኝ ጋኔን አለበት ብላችሁ የማላችሁ እናንተ ናችሁ። ዛሬም የለበትም የምትሉ እናንተ ናችሁ። ሲኖርም በናንተ ቃል፣ ሲጠፋም በናንተ ቃል። ያን ጊዜም አልጠየቃችሁኝ፣ ዛሬም አልጠየቃችሁኝ። ብቻ ሲኖር ለኔ፣ ሲጠፋ ለአያ ጫኔ የሆነው እንዴት ነው?»

ሙሉቀን ወረቀቱን አየ፣ ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አልተጻፈም።

«ጋኔን የለም የምትሉ እጅ አውጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

የእጅ ደን በቀለ። ቄሱ ሳይቀሩ አወጡ። በኋላ «አባ፣ እርስዎም?» ብላቸው «ያወጣሁት እጄን ነው» አሉኝ። አለ የሚል አልተገኘም። ድምፀ ተአቅቦ አንድ፤ አክስቴ ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የፈላስፋ አቋም የያዘች እሷ ብቻ ነበረች፣ ጥማዷን ግን ተቀማች። ተሰብሳቢው ለምርቃቱ እንኳ ሳይቆይ እየተሯሯጠ ተበተነ።

አያ ጫኔ በርበሬው እንደተለቀመ መሬቱን ተረከበ። አርሶም ዘራ። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። ደረቱን ነፍቶ ይገባል፣ «የታለ?» እያለ ይወጣል። መውጣቱ ግን ምንጊዜም ከቀትር በፊት ነው። ለምን ቢሉት በሬዎቹ ስለሚደክማቸው ነው አለ። አንድ ቀን እርሻው አላልቅ ብሎት አመሸ፤ አመሸ ስል ስድስት ሰዓት ደረሰ ማለቴ ነው። ከሾላው ሥር የበቀለውን ቁጥቋጦ ሊመነጥር ገባ።

ከዚያ በኋላ የታየው ይህ ነው፦ አያ ጫኔ ያለ ጅራፍ፣ ያለ ጥምጥም፣ በአንድ እግር ጫማ፣ የገዛ በሬዎቹን ቀድሞ እየጮኸ መንደር ገባ። የፊቱ አንድ ወገን አብጦ አፉ ወደ ጆሮው ሸሽቷል። ልክ እንደ አባቱ። ሴቶቹ እልል አሉ ወይስ ጮኹ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እኔ በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄጄ ፊቱን ቀረብ ብዬ አየሁት። የተርብ ንድፊያ ነው፤ አንገቱ ላይ አራት፣ ጉንጩ ላይ ከዚያ በላይ ቀይ ነጥብ አለበት። «አያ ጫኔ፣ ይህ ተርብ አይደለም?» አልሁት። ባበጠ ዐይኑ ሲያየኝ ደነገጥሁ። ነገሩ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ከተርብ የሸሸ ወንድ በየሠርጉ ይዘፈንበታል። ጋኔን የመታው ወንድ ግን ይጠየቃል፣ ይታዘንለታል፣ ጠበል ይቀዳለታል። አንድ ጎበዝ ከሁለቱ የትኛውን ይመርጣል? አያ ጫኔ መሬቱን ተረከቡኝ፣ ለባለቤቱ ስጡልኝ ብሎ ማመልከቻ አስገባ።

ሙሉቀን እንደገና ተላከ። ያን ቀን ስብሰባው በማለዳ ተጠራ፣ እሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለው። ቁስ ይቀድማል አላለም። «ጋኔኑ በተጨባጭ የለም፣ ተጽዕኖው ግን በተጨባጭ አለ» አለ። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ስለ ጋኔን ከዚህ የተሻለ የፍልስፍና ነገር ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ተጽዕኖው ከነጥማዱ ለአክስቴ ተመለሰላት።

ፋሲካ ላይ ልጠይቃት ሄድሁ። ደስ ብሏት ቤቱ ጠቧታል። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ ጠጋ ብዬ፣ አያ ጫኔን የነደፈው ተርብ መሆኑን ነገርኋት። አዲስ ነገር የምነግራት መስሎኝ ነበር። ዘልላ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ዝም በል አንተ! ሰው ቢሰማህስ?»

«ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ቀፎውን ሾላው ላይ ሲሠሩት ጀምሮ ነው የማውቀው።»

«እንግዲያ አታምኚበትም ማለት ነው።»

«ማመን? በቀትር ሽው ሲል ነፍሴ ነው የምትወጣው! እስከ ዛሬ እየተንቀጠቀጥሁ ነው የምሠራ።»

እኔም አስተማሪ ነኝና ነገር እስከ ጥጉ ካልደረሰ አይሆንልኝም። «አክስቴ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። አለ ነው የምትይ፣ የለም?» አልኋት።

አክስቴ በሩን ገልጣ ግራና ቀኝ አየች። ተመልሳ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

«ልጄ፣ በየወሩ በማርያም ሻማ የማበራው ለሱ ነው። ካለ ዕድሜ ትለምንለት። ከሌለም፣ ለፈጣሪ ምን ይሳነዋል?»