ጋሽ አጣሪና የአምስት ቁጥሩ ሪዝ

ኳስ በሚታይበት ቦታ ሁሉ የተጫዋቾችን ዕድሜ የማያምን አንድ ሰው አለ። ግብ ጠባቂው ቀይ ካርድ አይቶ የወጣበት ቡድን አይቻለሁ፣ አሠልጣኝ የሌለው ቡድንም አይቻለሁ፤ ዕድሜ ተጠራጣሪ የሌለው ተመልካች ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህ ሰው ጨዋታ አያይም። ኳሱ ወዴት እንደሄደ ብትጠይቁት አያውቅም። ዓይኑ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ «ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች» ተብሎ በተሰለፈ ልጅ ግንባር ላይ መጨማደድ ይፈልጋል።

የእኛ ሰፈሩ ተጠራጣሪ ፀጉር አስተካካያችን ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ አጣሪ» ይላቸዋል፤ እኔ ክብራቸውን ጠብቄ ክቡር ጋሽ አጣሪ እላቸዋለሁ። ፀጉር ቤታቸው ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ከመስታወቱ ትይዩ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አላት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን የሚያየው በመስታወት ውስጥ፣ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው። እኔ የቡድናችንን የግራ ተመላላሽ ለሁለት ዓመት ቀኝ ተመላላሽ ነው እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ። ክቡርነታቸው ግን ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ምላጫቸውን ወደ ጉሮሮዬ አድርገው ነው የሚሠሩት። በዚህ አኳኋን ሲቆጡ ያላየ ሰው ድንጋጤ ምን እንደሆነ አያውቅም።

«ስንት ዓመቱ ነው አላችሁ?» ይላሉ።

«አሥራ ስድስት» ይላል ተራ ከሚጠብቁት አንዱ።

«በምን አቆጣጠር?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲላጩ ስለኖሩ፣ በጢም ጉዳይ ከሳቸው በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። በዘንድሮው የታዳጊዎች ውድድር የመጀመሪያ ዙር ማጣሪያ የተጋጣሚያችን ግብ ጠባቂ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ቶንዶሱን አጥፍተው ጮኹ። «አያችሁ? ጉልበቱን ይዞ ተነሣ! ይሄ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው!» በሁለተኛው ዙር ደግሞ አንድ ክንፍ ተጫዋች ግብ አገባና ደስታውን ለመግለጽ ሁለት እጁን አጣምሮ ሕፃን የሚያባብል መሰለ። ክቡርነታቸው ምላጩን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞሩ። «ይኸው! በራሱ እጅ አመነ!»

«ጋሼ፣ ምናልባት እህቱ ወልዳ ይሆናል» አልኳቸው።

«እህቱማ የልጅ ልጅ አይታለች።»

አንድ ቀን ጋዜጣ ይዤላቸው ሄድኩ። ለዚህ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር ማጣሪያ የሚሰለፍ ልጅ ሁሉ የእጅ አንጓው በኤምአርአይ እንደሚመረመር፣ አጥንቱ ዕድሜው አልፏል ካለ ወዲያው እንደሚሰናበት በትልቁ ተጽፏል። ጥርት አድርገው አነበቡት። አጣጥፈው መለሱልኝ። «እጁን ነው የመረመሩት። ፊቱን ማን መረመረው?» አሉኝ። ምን ይባላል? አንገቴን ለምላጩ ሰጠሁ።

በኳስ ብቻ ቢወሰኑ ጥሩ ነበር። የጎረቤት ሕፃን አንድ ዓመት ሞላው ተብሎ ተጠርተው ሄደው፣ የልጁን አፍ ከፍተው አዩና «ይሄ የአንድ ዓመት ጥርስ ነው?» ብለው እናቲቱን ጠየቁ። ኬኩ ሳይቆረስ ወጡ። የራሳቸው ዕድሜ ሲጠየቅ ደግሞ «ሃምሳ ሊሞላኝ ነው» ይላሉ፤ እኔ ተማሪ ሳለሁም ሊሞላቸው ነበር።

ከምርመራቸው ነፃ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እሱም ግድግዳ ተጋርታቸው የምትሠራው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው። ሰፈሩ «ጎልማሳው» ይለዋል፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ድምፁ ጎረነነ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ሪዝ አወጣ፣ አሁን በአሥራ ስድስት ዓመቱ እናቱን በአንድ እጁ አንሥቶ ከወንበር ወንበር ያዛውራታል። የታዳጊው ብሔራዊ ቡድን የመሐል ተከላካይ፣ አምስት ቁጥር ነው። ሌላ አገር ተወልዶ ቢሆን ጋሽ አጣሪ ገና መልበሻ ክፍል ሳለ ጡረታ ባስወጡት። በእሱ የቀለደ ሰው ሲኖር ግን «የእሱን ተዉት» ብለው ወሬ ያስቀይራሉ። እኔ የወገንተኝነት ነገር ነው ብዬ ነበር።

የመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ። በተጋጣሚያችን ሜዳ አንድ ለአንድ ተለያይተናል፤ የመልሱ ጨዋታ እዚሁ ከተማችን ነው፣ ያሸነፈ ወደ ዋናው ውድድር ያልፋል። ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀደም ብዬ ስምንት ተኩል ላይ ወንበሩን ያዝኩ። ክቡርነታቸው ሆነው የማያውቁትን ዝምተኛ ሆነዋል። ቀኝ ጉንጬን ጨርሰው ወደ ግራው ሊዞሩ ሲሉ ስልካቸው ጠራ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከስታዲየም ነው የደወለችው። ድምፅዋ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ልጄን ከለከሉት! መታወቂያ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ እሱ አይደለም አሉ! አንዱን አስመርምራችሁ ሌላ ልታጫውቱ ነው ይላሉ! ሁለት ዓመት ይታገዳል፣ ቡድኑም ይባረራል አሉኝ! ፎቶው ላይ ሪዝ አለው፣ አሁን የለውም! ማነው ጌታዬ እንዲህ የሠራኝ?»

ጋሽ አጣሪ ምላጩን ገንዳው ውስጥ ጣሉት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ትናንት የላጨሁት።»

ሳላስበው ተጎትቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ፤ ነጩ ጨርቅ አንገቴ ላይ፣ አረፋው ግራ ጉንጬ ላይ እንዳለ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ መንገዱን ረሳው። እኔ ግን የራሴ ፊት አልታየኝም። የእኚህ ሰው ነገር ነው ያስደነገጠኝ።

«ለምን ላጩት?»

«ሰው እንዳይለው ነዋ!»

«ምን እንዳይለው?»

«ትልቅ ሰው ነው እንዳይሉት! ዛሬ በቴሌቪዥን ይወጣል። በየፀጉር ቤቱ እንደ እኔ ያለ ስንት ወሬኛ ተቀምጦ ይጠብቀዋል መሰለህ? አሠልጣኙ እናቱን እንዲያይ ሁለት ሰዓት ፈቀደለት፤ መጣ፤ እናቱን ተሰናብቶ ሲወጣ አስቀመጥኩት፤ ላጨሁት። ሕፃን መሰለ። ደስ አለኝ። ፎቶው ትዝ አላለኝም፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም!» ጉልበታቸውን በጡጫ መቱት። ይህን ያህል ዓመት ሳውቃቸው ስለ ራሳቸው እውነት ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ ያውም ታክሲ ውስጥ።

ስታዲየሙ ሥር ካለች ጠባብ ክፍል አስገቡን። ጠረጴዛው ላይ ካርዱና የምርመራው ወረቀት ተዘርግቷል። ልጁ ጥግ ተቀምጧል፤ የተላጨው የላይኛው ከንፈሩ ከሌላው ፊቱ ነጣ ብሏል፣ በእርግጥም ሕፃን መስሏል። እናቱ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ቆማለች። የጨዋታው ኮሚሽነር ከሌላ አገር የመጡ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ የቡድኑ መሪ ያስተረጉማል። የተሰላፊዎች ዝርዝር ሊዘጋ የቀረው ሩብ ሰዓት ነው።

ጋሽ አጣሪ ሰላምታም አልሰጡ። ትከሻዬን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ገፉኝ፣ ፊቴን በአገጬ ይዘው ቀኝ ጎኔን ለኮሚሽነሩ አዞሩላቸው።

«ይሄ ስንት ዓመቱ ነው በላቸው» አሉት የቡድኑን መሪ።

ኮሚሽነሩ ግራ ተጋብተው አዩኝ። አርባ አሉ። ጋሽ አጣሪ አረፋውን በጨርቁ ጠረጉና ገና ያልተላጨውን ግራ ጎኔን አዞሩላቸው።

«ይሄስ?»

ሃምሳ አምስት። የመጡበት ቋንቋ ምን እንደሆነ ባላውቅም ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የታየውን ኀዘን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በሩ ጋ የቆመው አሠልጣኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ኮሚሽነሩ ግን ቀልደኛ አልነበሩም። ምላጭ ፊት እንደሚለውጥ ተቀብያለሁ አሉ፤ ይህ ልጅ ያ ልጅ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። እውነታቸውን ነው። እናቱ መሬቱን ታይ ጀመር።

ያኔ የጋሽ አጣሪ ድምፅ ወረደ። «ወረቀቱ ላይ ልዩ ምልክት የሚል ቦታ የለም?»

የቡድን መሪው ገለጠ። አለ፤ ሐኪሙ ጽፎበታል። ከግራ ጆሮ በላይ፣ አግድም የሆነ የቆየ ጠባሳ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር።

ጋሽ አጣሪ ወደ ልጁ ሄዱና ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር በአውራ ጣታቸው ገለል አደረጉት። ጠባሳው ታየ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ መዝዛ ለካችው። ልክ ሁለት ሴንቲ።

«እንዴት አወቁ?» አሉ ኮሚሽነሩ።

«እኔ ነኝ ያቆሰልኩት» አሉ ጋሽ አጣሪ።

ነገሩንም ተረኩልን። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ እናቱ ያስተካክሉልኝ ብላ ትታው ወጣች። ሕፃን ሲመጣ እንደሚያደርጉት በወንበሩ ክንድ ላይ ጣውላ አጋድመው አስቀመጡት። የዚያን ዓመት የታዳጊዎች ማጣሪያ በቴሌቪዥን ነበረ። ዘወር ብለው «ይሄ ሠላሳ ዓመቱ ነው!» ብለው ሲጮኹ ልጁ ከጣውላው ወድቆ ከጆሮው በላይ ተፈነከተ። ለእናቱ በሩ ላይ ተደናቅፎ ነው አሏት። ከዚያ ወዲህ እሷ እንዳታየው፣ ሌላውን ፀጉር ምንም ያህል ቢያሳጥሩ፣ ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን ትንሽ ረዘም አድርገው ሲተዉ ኖረዋል።

«አሥራ ሦስት ዓመት?» አለች እናቱ።

«አሥራ ሦስት ዓመት።»

አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተጠጋች። እኔ በበኩሌ በሩ ወዴት እንደሆነ አጠናሁ። «እርስዎና እኔ በኋላ እንነጋገራለን» አለች በመጨረሻ፣ ሜትሯን እየጠቀለለች። ኮሚሽነሩ ፈረሙ። ልጁ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ እየሮጠ ወጣ፤ በር ላይ ተመልሶ የጋሽ አጣሪን አናት ሳማቸው፣ ከዚያ ጠፋ።

ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ተጋጣሚዎቻችን ገቡ። ዘጠኝ ቁጥራቸው ሲወጣ ሜዳው ጠበበ፤ ጢሙ ጥቁርና ድፍን ነው፣ ደረቱ የበር ያህል ይሰፋል። ከኋላችን አንድ ጎረምሳ «ኧረ ይሄ ሁለት ልጅ አለው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ ወደ ጋሽ አጣሪ ዞርኩ፣ ዓመቱን፣ የሚስቱን ስም፣ የልጆቹን ክፍል ጭምር ሊነግሩን ነው ብዬ።

እሳቸው ወደ ጎረምሳው ዞሩ። «ተመርምሮ ነው የገባው። ዝም ብለህ ኳስህን እይ።»

ልብስ ሰፊዋ ያመማቸው መስሏት ግንባራቸውን በእጅዋ ዳሰሰች። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስለ ማንም ዕድሜ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ያውም ዓይናቸውን ከኳሱ ሳይነቅሉ። ፀጉር ቤት እቀይራለሁ ብዬ ስንቴ እንደዛትኩ እኔ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ከጎናቸው ተቀምጬ፣ እኚህ ሰው ጉሮሮዬን ቢቆርጡት እንኳ ሌላ ጋ እንደማልሄድ ገባኝ።

ከዕረፍት በኋላ አንድ አገባን። ጎልማሳው በጭንቅላቱ፣ በእግሩ፣ አንዴም በጀርባው ሳይቀር ኳስ ሲመልስ ዋለ። በጭማሪው ደቂቃ ግን የኛ ሌላኛው ተከላካይ በእጁ ነካ፤ ፍፁም ቅጣት ምት። ዘጠኝ ቁጥሩ ሊመታ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሸፈነች። መታ፤ ኳሱ አግዳሚውን ነክቶ ወደ ላይ ወጣ። ፊሽካ። አለፍን!

ስታዲየሙ ተገለበጠ። ሰው በሰው ላይ ወጣ፣ የማላውቀው ሰው የተላጨውን ጉንጬን ሳመኝ፣ ያልተላጨውን አይቶ ተወኝ። እናት ሆዬ እያለቀሰችም እየሳቀችም የልጇን ስም ትጠራለች። ጋሽ አጣሪ ግን አልተነሡም። ተቀምጠው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ጋሼ፣ አሸንፈናል እኮ!» አለቻቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ትከሻቸውን ይዛ እየነቀነቀች። «ምን ሆነው ነው?»

በጣታቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ። ያ ባለ ጢሙ፣ ባለ ሰፊ ደረቱ ዘጠኝ ቁጥር ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ማልያውን ፊቱ ላይ ስቦ ይንሰቀሰቃል።

«ልጁን እዩት» አሉ። «እናቱ አልመጣችለትም።»