አልጋዬ ሥር የተኛችው ማርሚታ

ሰው እጁ ላይ ትንሽ ሲተርፈው መጀመሪያ የሚገዛው ድምፅ ነው። አይደለም ትሉኝ ይሆናል፤ ቆዩ ልንገራችሁ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ሬዲዮ የገዛ ጊዜ የት ያስቀመጣት ይመስላችኋል? መስኮት ላይ፣ ያውም ፊቷን ወደ መንገድ አዙሮ። እኛ ባለቤቶቿ ከኋላዋ ተቀምጠን የመንገደኛውን ያህል እንኳ አንሰማም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ያው ነው። ጄኔሬተር የገዛ ሰው በሩ ላይ አውጥቶ ያስነሳዋል። ስልክ የገዛ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ዘፈኑን ለሁላችን ያካፍለናል፤ ማን ለመነው? ስለ ቤተ ክርስቲያናችንና ስለ ጴንጤዎቹ ድምፅ ማጉያ ግን አልናገርም። የኛም የእነሱም እግዜር ጆሮው የደከመ ይመስላቸዋል፤ አልናገርም ብያለሁ።

እንግዲህ የልጅ ልጄ ገመቹ መኪና ሲገዛ ዝምተኛ መኪና ይዞ ይኖራል ብዬ የጠበቅሁት እኔ ነኝ ሞኟ።

ገመቹን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። መቱ ተወልዶ መቱ ያደገ፣ ከያዮ የጫካ ቡና እየገዛ ለትልልቅ ነጋዴዎች የሚያቀርብ፣ ጥሮ የሚያድር ልጅ ነው። «አኮ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው። አንድ ዓመት ቡናው ቀናውና አዲስ አበባ ሄዶ ቀይ መኪና ይዞ መጣ። የስፖርት መኪና ናት አለኝ። ኋላ እንደገባኝ ስፖርቱን የምትሠራው መኪናዋ ሳትሆን የሚሳፈርባት ሰው ነው። በሯ ሁለት ብቻ፣ ቁመቷ ወገቤ ጋ የማይደርስ። ያሳፈረኝ ቀን መጀመሪያ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ቀጥሎ ሥላሴን ጠራሁ፣ ከዚያ ወደቅሁ። እሷ ላይ መሳፈር የሚባለው ይሄ ነው። ወደ ኖፓ፣ ወደ ገጠሩ ኮረኮንች ልንዳት ቢል ሆዷ ድንጋይ ሲልስ ይውላል። ግን ዝም ያለች፣ ጨዋ መኪና ነበረች፤ እሱን አልክድም።

ሰነባብቶ ደግሞ አዲስ አበባ ወስጄ ላሠራት ነው አለኝ። ምኗ ተበላሸ? ምንም። አዲስ አይደለችም ወይ? አዲስ ናት። ታዲያ ያልተበላሸ ነገር ምኑ ይሠራል? «ትንፋሽ ያጥራታል፣ አኮ» አለኝ። ትንፋሽ ያጠረው ጎረቤታችንን ለሐኪም ሳያሳይ መኪናዋን ይዞ ሄደ። ማርሚታዋን፣ ያቺን ጭሱ የሚያልፍባትንና ድምፁን የምታፍነውን ብረት አስወልቆ፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ሁለት አፍ ያላት ሌላ ማርሚታ አስገጠመላት። በዚያም አልበቃው። መኪናም አእምሮ አላት አሉ፤ ኮምፒውተር ሰክተው አእምሮዋን አስተካከሉላት። የባለቤቷን የሚያስተካክል ግን አላገኘም።

ተመልሶ መቱ የገባ ቀን ዶሮዎቼ ጣሪያ ላይ ወጡ። ሰው ሁሉ ምንድነው ይሄ ለማለት «ኩን ማሊ?» እያለ ከየሱቁ ብቅ ብቅ አለ። ገመቹ ደረቱን ነፍቶ አስረዳኝ። ነዳጅ ሲረግጥባት ታገሳለች፤ እግሩን ሲያነሳ ግን ትተኩሳለች። «ልብ በይ አኮ፣ ስትሮጥ አይደለም፤ ልትቆም ስትል ነው የምትተኩሰው» አለኝ፣ ትልቅ ጥበብ እንደሚያስተምረኝ። እኔ ልብ አላልኩም። እናንተ ግን ልብ በሉልኝ።

የድሮዋን ማርሚታ ምን ላድርጋት ሲል ለኔ ስጠኝ አልኩት። ዶሮዬ የምትታቀፍበት ቅርጫት እየተንጋደደ አስቸግሮኝ ነበርና ከሥሩ ደገፍኩበት። ልክክ አለች፤ ለሱ የተሠራች እስክትመስል። መቱ ውስጥ በስፖርት መኪና ዕቃ ላይ የምትታቀፍ ዶሮ የኔ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ገመቹ ጎሬ ላይ አንዲት ልጅ ወዷል። ሰናይት ትባላለች፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ እጇ ለስላሳ፣ አነጋገሯ ቁጥብ። እሷም ወዳዋለች። ችግሩ ያለው አባቷ ጋ ነው። ጋሼ ወርቅነህ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሲቆጡ ድመታቸው ሳትቀር ቀጥ ብላ ትቆማለች ይባላል። የመኪናዋ ወሬ ከመኪናዋ ይፈጥናልና እሷ ጎሬን ሳትረግጥ ወሬው ደረሳቸው። «ልጁን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን ሰምቻለሁ። ልጄን ለድምፅ አልድርም» አሉ፤ አለቀ። ሰናይት ደግሞ አባቴ እሺ ሳይል አላገባም፣ እንቢ እንዳለ ከሞተም ቃሉን አልሽርም አለች። እንዲህ ያለች ልጅ ምራት ብትሆነኝ ስንት ነበር፤ ግን ያው ቃሏ እኛኑ አሰረን።

ይሄ ሁሉ ሳይፈታ ጋሼ ወርቅነህ ታመው ተኙ። ደረታቸው ነው። ቄሱም መጥተው አናዘዟቸው መባሉን ስንሰማ ገመቹ ምግብ አልበላ አለኝ። ሰውየው ካለፉ እንቢታቸው ሐውልት ሆኖ መቆሙ ነው። ተነስ፣ ሄደን እንጠይቃቸዋለን አልኩት። በሽተኛ ያልጠየቀ ሰው ነገ በምን ዓይኑ ሽማግሌ ይልካል? ጉልበቴ ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ በዚያችው በቀይዋ ሆነ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳት ብሎ ማለልኝ። የያዮ ማር በገንቦ ይዤ፣ እንደ ልማዴ ወደቅሁባት።

የጎሬን ዳገት እያገሳች ወጣችው። ከተማው ገብተን ወደ ጋሼ ወርቅነህ ሰፈር ቁልቁል ስንታጠፍ ልጄ በማለው መሠረት ቀስ ማለት ጀመረ። እግሩን አነሳ። ጧ። አንድ ጉድጓድ አለ፣ እንደገና አነሳ። ጧ፣ ጧ። ደጃፋቸው ስንደርስ ሊያቆም ሲል እንደ ጉድ ተንጣጣች።

ታዲያ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? መንገድ ዳር የነበሩ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ የያዙትን መሬት አስቀምጠው ቆሙ። አንዲቱማ ደረቷ ላይ አማተበች። ጎሬ ጨዋ አገር ነው እያልኩ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እንግዳ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

ለካ ጋሼ ወርቅነህ አንድ የታወቀ ኑዛዜ ነበራቸው። ድሮ የጦር ሰው ሲሞት ደጁ ላይ ይተኮስለት ነበር፤ አሁን አሁን ቀርቷል። እሳቸው ግን ለዕድሩ ፊት ለፊት ተናግረዋል፦ እኔን ሳይተኮስልኝ እንዳትቀብሩኝ፣ ድመት የሞተች አስመስላችሁ እንዳትሸኙኝ ብለው። ከተናዘዙ ወዲህ ጎሬ ጆሮውን አቁሞ ተኩሱን ይጠብቅ ነበር። እኛ ደርሰን ተኮስንለት።

ይሄን ገና አላወቅንም። ገባን። ጋሼ ትራስ ተደግፈው አጥሚት በማንኪያ ይቀምሳሉ፤ ሰናይት አጠገባቸው ናት። ገመቹን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ያ ድምፅ አንተ ነህ ወይ አሉት። አዎ ጋሼ አለ፣ ድምፁ ጠፍቶ። ማሩን አቀረብኩ። ማሩን ተቀበሉ፤ እሱን ቁጭ በል አላሉትም። እንዲህ እንደተፋጠጥን ነው እሪታው ከውጭ የመጣው።

ማን ሞተ ብለው ደነገጡ ጋሼ። ሰናይት ወደ በሩ ሄዳ አየችና እጇን አፏ ላይ ጭና ተመለሰች። «አባዬ፣ አንተ ነህ» አለቻቸው።

እኔም በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚጎርፉት ሴቶች፣ የድንኳን ምሰሶ የተሸከሙት የዕድር ሰዎች፣ አግዳሚው፣ ሁሉም ደርሷል። ከፊት እትዬ ዘነበች አለች፤ የጎሬ ለቅሶ ያለሷ አያምርም። ገመቹ ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥቼ ልንገራቸው ብሎ ሲነሳ ጋሼ እጁን ለቀም አደረጉት። በዚያ ሕመም ያ ጉልበት ከየት መጣ? «ቁጭ በል። ልስማ» አሉት። ቁጭ በል ያሉት ያኔ ነው።

ሰማን። እትዬ ዘነበች እጀ ሰፊው፣ የደሀ አባት፣ ቤቱ ለእንግዳ የማይዘጋ እያለች ሙሾውን ታወርደዋለች። ጋሼ አጥሚታቸውን እየቀመሱ ውሸቷን ነው አሉ፤ ለዚች ሴትዮ ጨው እንኳ ሰጥቻት አላውቅም። ግን ከንፈራቸው ፈገግ ብሏል። ዝም በይ የሚሏት መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ድምፅ እንዳይረብሻቸው ማንኪያውን አስቀመጡ።

ከዚያ የወንድ ለቅሶ ተሰማ። ጋሼ ዳኜ ነው፣ የአጥር ጎረቤታቸው። አጥሩ ላይ በበቀለች አንዲት ባሕር ዛፍ ተጣልተው ስንት ዘመን ሰላም አይባባሉም። «ወርቅነህ ወንድሜ» ይላል፣ «ያቺን እንጨት ብተውልህ ምን ነበረበት? ሳታረቀኝ ጥለኸኝ ሄድክ?» ይላል። ይሄ እንደ እትዬ ዘነበች የተገጠመ አልነበረም፤ ሳግ እየቆራረጠው ነው የወጣው። ጋሼ ወርቅነህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ጋቢዬን አምጡ አሉ፤ የገመቹን ትከሻ ይዘው በረንዳ ላይ ወጡ።

ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ አማተበ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ተለቆ የአንዱን እግር መታ። እትዬ ዘነበች ብቻ አልደነገጠችም፤ ተናደደች። ጋሼ፣ ምነው ሰው እንዲህ ያስለቅሳሉ፣ ጎመኔን እሳት ላይ ጥጄ ነው የወጣሁት አለቻቸው። ሁለቱ ሽማግሎች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ቆሙ። ሲላቀቁ ጋሼ ዳኜ ባሕር ዛፏን አንተ ውሰዳት አለ፤ የለም፣ አንተ ነህ የምትወስዳት አሉ ጋሼ ወርቅነህ። አልወስድም፣ ትወስዳለህ እየተባባሉ እንደገና ሊጣሉ ነው ብዬ ገባሁባቸው። አግዳሚው ከወጣ አይቀር ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ለለቅሶው የተጣደው ንፍሮም በስሎ ኖሮ መጣና ከኔ ማር ጋር ተበላ። ንፍሮ በማር ቅመሱት፤ እኔም ያኔ ነው ያወቅሁት።

በመጨረሻ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለመሆኑ የተኮሰው ማነው አሉ። ዓይን ሁሉ ወደ ገመቹ ዞረ። ሰናይት አንገቷን ደፋች። እኔም በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ልጄ ተነሳና እኔ ነኝ ጋሼ፣ መኪናዬ ናት፣ አጥፍቻለሁ አለ። መኪናዋን አስነሳና አሰማኝ አሉት። አስነሳ፤ ረገጠ፤ እግሩን አነሳ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ ያኔ የጦር ሜዳ ላይ እንዳሉ ሁሉ። ከዚያ ፈረዱ።

«ይሄን ነገር አውልቀው። ልጄ በዚህ ጩኸት አትሄድም፤ ስትመጣም ስትሄድም ዝም ብለህ ነው። ግን እንዳትሸጠው። አያትህ ጋ፣ ወይዘሮ ብርቄ ቤት ይቀመጥ። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ትገጥመውና በደጄ ቀስ ብለህ ታልፋለህ። ጠመንጃ ፈቃዱ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ይሄ ፈቃድ አይጠይቅም። በል አሁን ሽማግሌ ላክ» አሉት።

ሽማግሌው ግን ወዲያው አልተላከም። ለምን አትሉኝም? ዝምተኛዋ ማርሚታ ዶሮዬ ሥር ናታ። ዶሮዋ ታቅፋለች። ገመቹ አንድ ጊዜ ብቻ ብድግ ላድርጋት አለኝ፤ እጅህን ሰብስብ አልኩት። እሱ ሊወልድ ሲል የሷን ልጆች ላቀዘቅዝ? ሰናይት ማታ ማታ እየደወለች እማማ ዶሮዋ እንዴት ናት ትለኛለች። ጥሎሽ የምትጠብቅ ሙሽራ አይቻለሁ፤ ጫጩት የምትጠብቅ ግን እሷን ነው ያየሁት። ጫጩቶቹ በወጡ ማግስት ማርሚታዋ ታጥባ ቦታዋ ተመለሰች፣ ሽማግሌዎቹም በዚያችው መኪና ኮሽታ ሳያሰሙ ጎሬ ገቡ። ተጋቡ። ትንሽ ላባ ከኋላዋ ይወጣ ነበር ይላሉ፤ ወሬ ነው።

ጋሼ ወርቅነህ ዛሬም አሉ። ከጋሼ ዳኜ ጋር በየቀኑ ባሕር ዛፏ ሥር ተቀምጠው ገበጣ ይጫወታሉ። ባለ ሁለት አፏ ማርሚታ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልላ አልጋዬ ሥር ተኝታለች። ጋሼ ሲደውሉልኝ ደህና ናት ወይ ይሉኛል፤ እሷን ነው እንጂ ሰናይትን አይደለም። ደህና ናት ጋሼ፣ አይቸኩሉ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ጉንፋን ያዘኝና ተኛሁ። ቀላል ነው፤ እኔ ግን ማቃሰት እወዳለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ገመቹ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጎትታል። ምን ትፈልጋለህ አልኩት። «ምንም አይደል አኮ፣ ዝገት እንዳይዛት ዘይት ልቀባት ብዬ ነው» አለኝ።

ያኔውኑ ተነስቼ ጎመኔን ኮተኮትኩ።